ቅጠል ሳይውል ሳያድር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቹ ይንጫጩ፣ ምንም ችግር የለም። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። የማሳያችሁ ነገር ስላለ ቀረብ ብትሉ ይሻላል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቅጠል ነው። ስለ ጎመን፣ ስለ ቆስጣ፣ ስለ ሰላጣ፣ ስለ ስፒናች። በገዛ እጃችን ቀጥፈን በገዛ ቤታችን ስለምንበላው ቅጠል። ጓሮ ያለው በጓሮው፣ ጓሮ የሌለው በረንዳው ላይ በባልዲ፣ ያም የሌለው መስኮቱ ላይ በሳጥን። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እንዴትና መቼ እንቅጠፍ? ሁለተኛ፣ ከተቀጠፈ በኋላ እስኪበስል ድረስ እንዴት እንያዘው? ሦስተኛ፣ ድስቱ ጋ ስንደርስ ምን እናድርግ፣ ከምንስ እንጠንቀቅ? መሀል ላይ ጨዋታ ማምጣቴ አይቀርም፣ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። የተቀጠፈ ቅጠል ወዲያው አይሞትም።

እኔ ይህን ያወቅኩት በእጄ ነው። ለረጅም ዓመታት ለብዙ ሰው በሚያበስል ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። ጎመንና ስፒናች በጆንያ ይመጣልን ነበር። ተጠቅጥቆ፣ አፉ ታስሮ። ጠዋት ጆንያውን ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ስከት መሀሉ ይሞቃል። ላዩ ቀዝቃዛ ነው፣ መሀሉ ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይፋጃል። ማንም አላሞቀውም፣ ሌሊቱን ጥላ ውስጥ ነው ያደረው። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ከራሱ ከቅጠሉ ነዋ! ቅጠል ከተቀጠፈም በኋላ ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ውስጡ ያለውን ስኳር ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያወጣል፣ ሙቀትም ይለቃል። ተክሉ ላይ ሳለ ያቃጠለውን በፀሐይ ብርሃን መልሶ ይተካል። ከተቀጠፈ በኋላ ግን ምን ይተካለታል? ከሥሩ ይመጣለት የነበረው ውሃም ተቋርጧል። ስኳሩ እያለቀ ይሄዳል፣ ውሃው ይተናል፣ ቫይታሚኑ ይቀንሳል። መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈጥናል።

ምን ያህል? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በስፒናች ላይ ተሠርቶ ነበር። የለኩት ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ነው። ስፒናቹ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀመጥ፣ ማለትም ደህና ፍሪጅ ውስጥ፣ በ8 ቀን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ፎሌት አጣ። በ10 ዲግሪ በ6 ቀን። በ20 ዲግሪ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ፣ በ4 ቀን ብቻ!

እስቲ አስቡት። ከሱቅ የምንገዛው ቅጠል እጃችን እስኪገባ ስንት ቀን ውሎ አድሯል? በማን ጆንያ፣ በምን መኪና? እኛ የምንቀጥፈው ግን ድስቱ ተጥዶ ሳለ ሊቀጠፍ ይችላል። ብዙ ሰው የራሱን ቅጠል የሚያበቅለው ወጪ ለመቀነስ ነው፤ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሳይውል ሳያድር መበላቱ ነው።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። እንዴት እንቅጠፍ?

ይህቺን ባልዲ እዩአት። ቆስጣ ናት። ከኋላ ትታያለች? ቆይ ከፍ ላድርጋት። ከውጭ በኩል ያሉት ትልልቆቹ ናቸው። ወደ መሀል ስትመጡ እያነሱ ይሄዳሉ። እዚህ መሀሉ ላይ፣ ጣቴ ያለበት ቦታ፣ ገና ያልተዘረጉ፣ የተጨማደዱ ትንንሽ ቅጠሎች አሉ። ይህ ልቧ ነው። አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው። ልቧን አትንኩ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ፤ ልቧን አትንኩ!

አሁን ከውጭ ያለውን አንዱን ያዝኩ። የያዝኩት ቅጠሉን አይደለም፣ አገዳውን ነው፤ ያውም ወደ ታች ወርጄ፣ አፈሩ አጠገብ። በሌላው እጄ ተክሏን ደግፌአታለሁ። ካልደገፍኳት ከነሥሯ ተነቅላ ትመጣለች። አገዳውን ወደ ውጭ ገፋ፣ ትንሽ ጠምዘዝ። ቀጭ! ሰማችሁ? ምንም ሳይተለተል ተገነጠለ። ግማሽ አገዳ ተክሉ ላይ ከተዋችሁ ይበሰብሳል፣ ብስባሹ ደግሞ ቀንድ አውጣና በሽታ ይጠራል። ሰላጣና ስፒናች ለስላሶች ስለሆኑ አትጠምዝዟቸው፤ በጥፍር ቀንጠስ ወይም በመቀስ ቆረጥ ማድረግ ነው።

ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ለምን? ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ሁሉን ከገፈፋችሁበት በምን ይሥራ? ለእራት ብዙ ካስፈለጋችሁ ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት ልቀሙ።

አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቆስጣና ሰላጣ ዘርተው ሲያምር፣ ሲያምር፣ ለምሳ ሲፈልጉ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ባዶ አፈር። እንደገና ይዘራሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፌ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚነቅሉት?» አልኳቸው። «ታዲያ ሳልነቅል እንዴት ልበላ ነው?» አሉኝ። ገብቼ አሁን እናንተን እንዳሳየሁት አሳየኋቸው። የዚያ ጊዜው ቆስጣ ወቅቱን በሙሉ አበላቸው። ሲተርፋቸውም አጥሩ ላይ አንጠልጥለውልኝ ይሄዱ ነበር። አሁን ሰፈሩን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ጥቅል ጎመን ለብቻው ነው። የሚበላው ልቡ ስለሆነ በአንዴ ይቆረጣል። እሱም ቢሆን ግንዱን ከጥቂት የውጭ ቅጠሎች ጋር አፈር ውስጥ ተዉትና የተቆረጠው ላይ በቢላ መስቀለኛ ጫሩበት። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ትንንሽ ጥቅሎች ያወጣል። ጥቅጥቅ ብሎ የተዘራ ለጋ ሰላጣ ደግሞ ከአፈሩ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ከፍ ተብሎ በመቀስ ይታጨዳል፤ ከሥር መልሶ ይበቅላል።

መቼ እንቅጠፍ? እናቴ ፀሐይ ሳትወጣ ነበር የምትቀጥፈው። «ጤዛው ሳይነሳ» ትል ነበር። ምክንያቱን አትነግረንም፣ ቅጠሉ ግን ማታ ድረስ እንደቆመ ይውላል። ምክንያቱ ይኸውላችሁ፦ ቅጠል ቀን ላይ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ያተናል። ሌሊት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ሥሩ ግን ውሃ መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ ንጋት ላይ ቅጠሉ ውሃ ጠግቦ፣ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። ለማስቀመጥ ከሆነ ጠዋት ቅጠፉ።

ማታውኑ የምትበሉት ከሆነስ? ያኔ ማታ ቅጠፉ፣ ምንም አይደለም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ብርሃን ሲጠጣ የዋለ ቅጠል ስኳሩ ይጨምራል፣ ከአፈር የሳበው ናይትሬትም ይቀንሳል። ቀትር ላይ ግን ካልቸገራችሁ ተዉት። በቀትር የተቀጠፈ ሰላጣ በር ሳትደርሱ አንገቱን ይደፋል።

ስለ ሰላጣ ካነሳሁ አይቀር፣ «ለምን መረረኝ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ሙቀት ሲበረታና ቀኑ ሲረዝም ሰላጣ ዘር ለማፍራት ትቸኩላለች። መሀሏ ሽቅብ ይመዘዛል፣ ስትቆርጧት ነጭ ወተት ይወጣታል። ምሬቱ ያለው እዚያ ወተት ውስጥ ነው። ውሃ ብታበዙላት አትመለስም። ንቀሏትና ሌላ ዝሩ። መፍትሔው በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ነው። ስፒናችም ቀን ሲረዝም እንደዚያው ነው። ጎመን ግን ይታገሣል። ቀላል ውርጭ ቢመታው እንኳ ቅዝቃዜውን ለመቋቋም ስኳር ስለሚያጠራቅም ጣዕሙ ይጣፍጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ጄምስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1768 ዓለምን ሊዞር ወጣ። በዚያ ዘመን የባሕር ሰው ትልቁ ጠላት ማዕበል ብቻ አልነበረም። ስከርቪ የሚባል በሽታ ነበር። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ኩክ የብስ በነካ ቁጥር ሰዎቹን ቅጠል ልቀሙ ብሎ ይልካቸው ነበር። ኒውዚላንድ ሲደርሱ የዱር ሴለሪ ለቅመው፣ ከአጃና ከሾርባ ጋር ቀቅለው ለቁርስ ይበሉ ነበር። ቫይታሚን ሲ የሚባለው ነገር ተለይቶ የታወቀው ከዚያ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው! ሰውነታችን ቫይታሚን ሲን ራሱ መሥራት አይችልም፣ መብላት አለብን። እነዚያ ሰዎች ስሙን አያውቁትም፣ ቅጠሉን ግን ያውቁታል።

እናንተም ዱር ወጥታችሁ የምትለቅሙ ትኖራላችሁ። ሳማ የምትለቅሙ፣ አሉማ የምትለቅሙ። ሳማ ጓንት አድርጋችሁ ጫፉን ብቻ ቀንጥሱ፤ የፈላ ውሃ ሲነካው መለብለቡን ይተዋል። ግን እለምናችኋለሁ፣ መቶ በመቶ የማታውቁትን ቅጠል አትንኩ። ካሮትና ፓርስሌ የሚመስሉ፣ ሰው የሚገድሉ ዕፅዋት አሉ። «ይመስላል» ብሎ መቅጠፍ የለም። ብዙ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳርና ቀለሙ የረገፈ አሮጌ ግድግዳ ሥርም አትልቀሙ። አፈሩ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ የሊድ ብረቱን ማለቴ ነው። አቧራው ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል፣ ለልጆች አንጎል ክፉ ነው።

ፍግም ተጠንቅቃችሁ ተጠቀሙ። ትኩስ ፍግ ጀርም አለው፣ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ይበላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ አፈር የሚነካ ሰብል ላይ ትኩስ ፍግ ከተጨመረ እስከሚሰበሰብ 120 ቀን ይሁን ይላል። እኔ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ብቻ እጠቀማለሁ። ፀረ ተባይ የምትረጩ ካላችሁ፣ ዕቃው ላይ «ከተረጨ ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ይሰብሰብ» የሚል ጽሑፍ አለ። አንብቡት። ክሽክሽ የምንለው ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ ከሆነ የመጣባችሁ ግን መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡና ጀርባውን በውሃ ግፊት እጠቡት። ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር ነው። ተቀጥፏል፣ አሁን ምን እናድርገው?

በፍጥነት ወደ ጥላ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ በሰፊ ሳፋ። ቅጠሉን ነክራችሁ አራግፉት፣ ትንሽ ተዉት፣ አሸዋው ይዘቅጣል። አሁን ቅጠሉን በእጃችሁ ከውሃው ውስጥ አውጡት። ሳፋውን ወንፊት ላይ አትገልብጡት! ከገለበጣችሁት የወረደውን አሸዋ ሁሉ መልሳችሁ ላዩ ላይ ማፍሰስ ነው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙት። ሳሙና አያስፈልግም፣ መግባትም የለበትም።

ማስቀመጥ ካለባችሁ በደንብ አድርቁት። በንጹህ ፎጣ ጠቅልላችሁ፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪጅ። ከፖምና ከሙዝ ግን አርቁት። ፍራፍሬ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል። የጠወለገ ቅጠል ካላችሁ የአገዳውን ጫፍ ትንሽ ቆርጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ቀጥ ብሎ ይነሳል። የተመለሰለት ውሃው እንጂ ቫይታሚኑ አይደለም፣ ቢሆንም ይበላል።

ከተረፋችሁ ፍሪዘር አለ። ጥሬውን ግን አትክተቱት። የፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ፣ ወዲያው በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ ሌላ 2 ደቂቃ፣ ጭምቅ፣ በልክ በልክ ከፋፍሎ ፍሪዘር። የፈላው ውሃ ጣዕሙንና ቀለሙን የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ያቆማል። በ18 ከዜሮ በታች ለወራት ይቀመጣል።

ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደክማችሁ ያበቀላችሁትን ድስት ውስጥ ስታጠፉት ማየት ያሳዝነኛል።

ቫይታሚን ሲና ፎሌት ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ሙቀትም ይጎዳቸዋል። ቅጠል በብዙ ውሃ ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁ፣ ምን እየደፋችሁ ነው? በትንሽ ውሃ፣ ለትንሽ ጊዜ። መጀመሪያ አገዳውን ከትፋችሁ ጣሉበት፣ እሱ ጠንካራ ነው። አገዳው ለስለስ ሲል ቅጠሉን ጨምሩ፣ ከደን አድርጉ፣ ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ሲረግብ አውርዱ። ትንሽ ዘይት ጣል አድርጉበት፤ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኬ ስብ ሲያገኙ ነው ሰውነታችን በደንብ የሚወስዳቸው። ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ በቀላሉ አይገባም። ሎሚ ስትጨምቁበት በደንብ ይገባል።

ታዲያ ውሃውን መድፋት የሚሻልበት ጊዜ የለም? አለ። ስፒናች፣ ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠል ኦክሳሌት የሚባል ነገር ይበዛባቸዋል። ካልሲየምን ይይዘዋል፣ በአንዳንድ ሰው ኩላሊት ውስጥም ጠጠር ይሆናል። ሐኪም «ኦክሳሌት ቀንስ» ያለው ሰው እነዚህን ቀቅሎ ውሃውን ይድፋ፣ ወይም ወደ ጎመን ይዙር። ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው፣ ካልሲየሙም በደንብ ይገባል። ጎመን በዚህ አይታማም።

አክስቴ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። አንድ ሰው «ቅጠል ክልክል ነው» አላት። በቃ፣ ጎመን የሚባል ነገር ከቤቷ ጠፋ። ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ምን አሏት? «ማን ከለከለሽ? ብዪ፣ ግን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይሁን። አንድ ሳምንት ተራራ፣ አንድ ሳምንት ባዶ እንዳይሆን። መጠኑን ልትቀይሪ ስታስቢ መጀመሪያ ለእኛ ንገሪን።» እናንተ ውስጥም ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ጓሮው ስላበቀለ ብቻ በድንገት ቅጠል አታብዙ፣ በድንገትም አታቁሙ። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ለማርገዝ የምታስቡ እህቶቼ፣ ፎሊክ አሲድ፣ ያው ቅድም ፎሌት ያልኳችሁ ቫይታሚን፣ መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1941 ከስፒናች ነው። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሆነው ቱቦ በደንብ እንዲገጥም ይረዳል፤ የሚገጥመውም ከፅንሰት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ብሉ፣ ግን ሐኪም የሚያዘውን 400 ማይክሮግራም እንክብል በቅጠል አትተኩት። ሁለቱም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትጥሉት ቅጠል አለ! የቀይ ሥር ቅጠል ይበላል፤ ከቆስጣ ጋር እኮ አንድ ዘር ናቸው። የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል። የዱባ ለጋ ቅጠል ይበላል። የብሮኮሊ ቅጠል እንደ ጎመን ይሠራል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን መርዝ አለው፣ አይበላም። ድንችና ስኳር ድንችን እንዳታምታቱ፤ ስማቸው ይቀራረብ እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም።

እንግዲህ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሰላጣና የቆስጣ ዘር በትንንሽ ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንዳንድ ያዙ። የሰላጣው ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ አትቅበሩት፤ አፈሩ ላይ በትናችሁ በጣት ጫን፣ ላዩ ላይ አፈር በስሱ ነስነስ። ሙቀት ከበዛ አይበቅልም፣ ጥላ ሥር አድርጉት። ቆስጣውን 2 ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩት። ከአንድ ፍሬ ሁለት ሦስት ችግኝ ሊወጣ ይችላል፤ ጠንካራውን ትታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ፣ ችግኞቹም ይበላሉ። የምትዘሩበት ዕቃ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ጥልቀቱም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይሁን።

ስለሰማችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እዚያ ጋ ሕፃን የያዝሽው እህቴ፣ ከአንቺ እንጀምር።